«ጌም ቴሌቪዥን ያቃጥላል»፤ የአንድ ክልከላ ታሪክ

ቴሌቪዥን በገባበት የኢትዮጵያ ቤት ሁሉ ክልከላዎችም አብረውት ገብተዋል። «ከቅርብ ሆነህ አትይ፤ ዓይንህን ያጠፋዋል» የሚለው የመጀመሪያው ነው። «ሰማዩ ሲያጉረመርም ከሶኬቱ ንቀለው» የሚለው ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ዘግየት ብሎ ከሴጋና ከፕሌይስቴሽን ኋላ የመጣው «ጌም ቴሌቪዥን ያቃጥላል» የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ለዓይን ሐኪሞች እንተወው። ሁለተኛው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ለተቀመጠችው ላሊበላና ለመላው የላስታ ደጋ ክርክር አያሻውም፤ የክረምቱን መብረቅ የሰማ ሁሉ ይመሰክራል። ሦስተኛው ግን ሊነገር የሚገባው ታሪክ አለው። ለመሆኑ ይህን ቃል ማን አመጣው? ከየትስ ተነሣ? እውነትነቱስ ምን ያህል ነው?

ጉዳዩ የልጆች ነገር ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር አንድ ነገር ያስብ። በላስታ ገጠርም ሆነ በላሊበላ ከተማ ቴሌቪዥን የሚገዛው ሰንጋ ተሸጦ፣ ዕቁብ ወጥቶ፣ ወይም አረብ አገር ያለች ልጅ ላቧን አፍስሳ በላከችው ገንዘብ ነው። በብዙ ቤት ውስጥ ከአልጋና ከቁም ሣጥን ቀጥሎ ትልቁ ንብረት እሱ ነው፤ በዳንቴል ተሸፍኖ የሚቀመጠውም በከንቱ አይደለም። ስለዚህ አባት ቢከለክል አይፈረድበትም። በሌላ ወገን ደግሞ ከአጎቱ ያገኛትን አሮጌ ፕሌይስቴሽን ታቅፎ የቀረ ልጅ አለ። በሦስተኛ ወገን ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን በብድር ገዝቶ፣ ጌም ቤት ከፍቶ፣ ከዚያችው በሚያገኛት ገቢ እናቱን የሚጦር ወጣት አለ። መልሱ ለሦስቱም ዋጋ አለው።

ከቃሉ እንጀምር። በአማርኛ «ተቃጠለ» የማይባል የኤሌክትሪክ ዕቃ የለም። አምፖል ይቃጠላል፣ ራዲዮ ይቃጠላል፣ ምጣድ ይቃጠላል፣ የወፍጮ ሞተር ይቃጠላል። ትርጉሙም አንድ ነው፤ ሞተ፣ አበቃ ማለት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሉት «በርን ኢን» ግን ሌላ ነገር ነው። ቴሌቪዥኑ አልሞተም፤ ይከፈታል፣ ይናገራል፣ ያሳያል። ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የቆየ ምስል ጥላው ስክሪኑ ላይ ይቀርና ከማናቸውም ፊልምና ዜና በስተጀርባ እንደ መንፈስ ብቅ ይላል። በእኛ ቋንቋ «ጠባሳ» ቢባል ኖሮ ይቀርበው ነበር። «ያቃጥላል» ተብሎ በመተርጎሙ አባቶች የሰሙት የጠባሳን ሳይሆን የሞትን ወሬ ነው፤ ክልከላው የከረረውም በዚሁ ይመስለኛል።

ጠባሳው እንዴት ይፈጠራል? ጀርባው ያበጠው የድሮው ቴሌቪዥን ልቡ ጠጋኞች «ፒክቸር ቲዩብ» የሚሉት፣ አየሩ የተመጠጠ የመስታወት ዕቃ ነው። የዚህን ዕቃ አባት እ.ኤ.አ. በ1897 የሠራው ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ብራውን ነበር። ከቱቦው ጀርባ የሚነሣ የኤሌክትሮን ጨረር የመስታወቱን የውስጥ ፊት ከላይ እስከ ታች እየጠረገ ይሄዳል፤ በአገራችን በሚሠራበት ሥርዓት በ625 መሥመር፣ በሴኮንድ 25 ሙሉ ምስል ማለት ነው። ያ የውስጥ ፊት ፎስፈር በሚባል ዱቄት ተቀብቷል። ጨረሩ ሲያርፍበት ዱቄቱ ያበራል፤ ባበራ ቁጥርም ጥቂት በጥቂት ይደክማል። ይህ ብቻውን ብዙ አይጎዳም። ሁሉም እኩል ቢደክም ስክሪኑ በዓመታት ውስጥ ደብዘዝ ይላል እንጂ ማንም ልብ አይለውም። ችግሩ አንዱ ቦታ ከሌላው ይልቅ ሲደክም ነው።

የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የተሳለመ ሰው ይህን ለመረዳት ፊዚክስ መማር አያሻውም። ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈሉት የእነዚያ ሕንፃዎች ደፍና ደረጃ ስምንት መቶ ዓመት ያህል ተረግጧል። ምእመናን በሚያልፉበት በመሐሉ ድንጋዩ ለስልሶና ጎድጎድ ብሎ ይገኛል፤ እግር የማይደርስበት ጥጉ ግን ሻካራነቱን አልለቀቀም። የአንድ ሰው እርምጃ ለድንጋይ ምኑም አይደለም። ሁሉም እዚያችው ቦታ ላይ መርገጡ ነው የበላው። የፎስፈሩም ነገር እንዲሁ ነው። ጨረሩ በየሴኮንዱ 25 ጊዜ እዚያችው ነጥብ ላይ በሙሉ ድምቀት ካረፈ፣ ውሎ አድሮ ያቺ ነጥብ ከጎረቤቶቿ የደበዘዘች ትሆናለች። ሲብስባትም ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ እንኳ ትታያለች።

ይህን መሰሉን ሕመም ጌም አላመጣውም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የተሠሩ ቴሌቪዥኖች መሐላቸው ላይ ጠቆር ያለ ክብ ነጠብጣብ ያወጡ ነበር። ከጨረሩ ጋር ተደባልቀው የሚመጡ ከበድ ያሉ ቅንጣቶች ፎስፈሩን እየደበደቡ ያመጡት ነበር። ፋብሪካዎች በመጀመሪያ ቅንጣቶቹን የሚያጠምድ ማግኔት ጨመሩ፤ በኋላም የፎስፈሩን ጀርባ በስስ አሉሚኒየም ሸፍነው ተገላገሉት። የስቱዲዮ ካሜራዎችም አላመለጡም። በዚያ ዘመን በስፋት ይሠራበት የነበረው ኢሜጅ ኦርቲኮን የተባለው የካሜራ ቱቦ አንድ ብሩህ ነገር ላይ ካፈጠጠ ያየውን ይዞ ይቀር ነበር፤ ወደ ሌላ ሲዞር የፊተኛው ምስል ይከተለዋል። ካሜራን አንድ ነገር ላይ አቁሞ መሄድ በሙያው ነውር የሆነውም ለዚህ ነው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ በጥቁርና ነጭ፣ በምሽት ጥቂት ሰዓት ብቻ። ጣቢያው ራሱ ቶሎ ስለሚተኛ ስክሪን የሚጠበስበት ጊዜ አልነበረም። ላስታ ደግሞ ከዚህም የራቀ ነበር። የቴሌቪዥን ሞገድ ተራራ ፊቱ ሲቆም አልፎ መሄድ አይሆንለትም፤ የላስታ አገር ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚዘልቀው አቡነ ዮሴፍ የቆመበት አገር ነው። የሳተላይት ዲሽ እስኪመጣ ድረስ እንዲህ ባለ ሸንተረር ውስጥ አንቴናውን በእንጨት ጫፍ ሰቅሎ «አሁንስ? አሁንስ?» እያለ ለሚያዞር ሰው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሽሽሽ የሚል፣ የሚርመሰመስ ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ነው። ለነገሩ ይህ ነጠብጣብ ከምስል ሁሉ ለስክሪን የሚስማማው ነው፤ አንድ ቦታ ፈጽሞ አይቆምም።

እንግዲህ ወደ ጌሙ። ራልፍ ቤር ጀርመን አገር የተወለደ፣ በልጅነቱ እ.ኤ.አ. በ1938 ከናዚዎች ሸሽቶ አሜሪካ የገባ አይሁዳዊ መሐንዲስ ነበር። ሰዎች ቴሌቪዥንን ከማየት አልፈው ቢጫወቱበትስ ብሎ ያሰበው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1972 ኦዲሲ ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ኦዲሲ ከጥቂት ነጭ ነጥቦችና ከአንዲት መሥመር በቀር ሌላ ምስል መሥራት አይችልም ነበር። ስለዚህ ሜዳው፣ ቤቱና ዛፉ በቀለም በታተመ ስስ ፕላስቲክ ላይ ተስሎ ከዕቃው ጋር ይሸጥና በቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ይለጠፍ ነበር። ድህነቱ በጀ ማለት ይቻላል፤ የማይንቀሳቀሰው ሥዕል አብዛኛው ከውጭ ስለነበር ፎስፈሩን አልነካውም።

በዚያው ዓመት አታሪ የተባለው ወጣት ኩባንያ «ፖንግ»ን አወጣ። ሁለት ዱላ፣ አንድ ኳስ፣ መሐል ላይ የተሰነጣጠቀ መሥመር፣ ከላይ ውጤት። በቡና ቤቶች ውስጥ በሳንቲም የሚሠራ ሳጥን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ገና ሲቃረብ ግን ወደ መኖሪያ ቤት የሚገባው ዓይነት ተሸጠ። ክልከላው የተወለደው እዚህ አካባቢ ነው። እስከዚያ ድረስ በቤት ቴሌቪዥን ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ዜና አንባቢውም ቢሆን አንገቱን ይነቀንቃል፣ ዜናውን ጨርሶም ይሄዳል። አሁን ግን ያቺ የመሐል መሥመር በጥቁር ጀርባ ላይ ነጭ ሆና፣ ልጆች እስኪሰለቻቸው ድረስ ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። ለመጥበስ ከዚህ የተመቸ ምስል ላግኝ ብሎ የፈለገ ሰው እንኳ አያገኝም። ልጆቹ ሳያጠፉት ለእራት ቢነሡ ደግሞ የባሰ ነው።

ኩባንያዎቹ ነገሩ እውነት መሆኑን የምናውቀው ባደረጉት ጥንቃቄ ነው። አታሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው የቤት ጌም፣ ተጫዋቹ ትቶት ሲሄድ የስክሪኑን ቀለሞች በየጊዜው ይለዋውጥ ነበር። በ1979 የወጡት የዚያው ኩባንያ ኮምፒዩተሮችም ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ማንም ካልነካቸው እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ብዙ ሰው ለውበት የተሠራ ይመስለው ነበር። በ1983 ጆን ሶቻ የተባለ አሜሪካዊ ለአይቢኤም ኮምፒዩተር አንዲት አጭር ፕሮግራም ጽፎ «ሶፍትቶክ» በተባለ መጽሔት ላይ አወጣ፤ ለሦስት ደቂቃ ማንም ካልነካው ስክሪኑን የምታጨልም ናት። በ1989 ክንፍ አውጥተው የሚበሩ የዳቦ መጥበሻዎችን የሚያሳየው «አፍተር ዳርክ» መጣ። በየመሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተር ላይ ለዓመታት ሲዋኙ ያየናቸው ዓሦችና ሲዘረጉ ያየናቸው ቧንቧዎች የእነዚህ ልጆች ናቸው። ብዙ ሠራተኛ «ስክሪን ሴቨር» የሚለውን ስም በየቀኑ ሲጠራ ስክሪኑ የሚድነው ከምን እንደሆነ አንድም ቀን ሳይጠይቅ ጡረታ ወጥቷል።

ክፉኛ የተጎዱት በሳንቲም የሚሠሩት ሳጥኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው «ፓክማን» የተባለው ጌም ሰማያዊ ግድግዳዎቹ ከቦታቸው የማይነቃነቁ ዋሻ ነው። ሳጥኑ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት፣ ዓመት ከዓመት፣ ያንኑ ዋሻ ያሳያል። ዛሬ ለሰብሳቢዎች ከሚሸጡት አሮጌ ሳጥኖች ብዙዎቹ ተነቅለው እንኳ ዋሻው በመስታወታቸው ላይ ይነበባል። ቀጥሎ ገናናው ኒንቴንዶ መጣ። ከጌሙ ጋር በሚሰጠው የመመሪያ መጽሐፍ ላይ ምስልን በትልቅ ስክሪን ላይ በሚያፈነጥቁ ቴሌቪዥኖች እንዳይጫወቱበት፣ ቋሚ ምስል ስክሪኑን ለዘለቄታው ሊያበላሸው እንደሚችል አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያው ለእነዚያ ቴሌቪዥኖች ነበር፤ ቱቧቸው ትልቅ ስክሪን ለመሙላት እጅግ ደምቆ ስለሚሠራ ቶሎ ይጠበሳሉ። ወላጆች ግን እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ልዩነት መቼ ያነባሉ! «ጌም ቴሌቪዥን ያበላሻል» የሚለውን ብቻ ይዘው ሄዱ።

ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ወደ ቀለም የተሸጋገረው በ1977 ዓ.ም. መግቢያ፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በተከበረበት ሰሞን ነው። ሳምንታት ሳያልፉ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም መሐመድ አሚን ያነሣው፣ ማይክል በርክ የዘገበው የረሃብ ፊልም በቢቢሲ ታየ። ላስታም የዚያው ረሃብ ቁስለኛ ነበር። በዚያ ደጋ ላይ ቴሌቪዥን የሚባል ዕቃ ዓይቶ የማያውቅ ሕዝብ በዓለም ቴሌቪዥን ሁሉ ታየ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት «ኢትዮጵያ» ሲባል ለፈረንጁ ያ ምስል ብቻ እንደመጣበት በውጭ አገር የኖረ ያውቀዋል። ይህ መስታወት ላይ ያልሆነ ጠባሳ ነው፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋልና እንለፈው።

ጌም በስፋት የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ቪዲዮ ቤት ቀደመ፤ ሴጋ ተከተለ፤ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ ፕሌይስቴሽን ቤቶች በአዲስ አበባ መንደሮችና በክልል ከተሞች በቀሉ። ክልከላው በየት በኩል እንደገባ የእኔ ግምት ሁለት ነው፤ በውጭ አገር ዘመዶችና በጠጋኞች። ጠጋኝ ተበላሽቶ የመጣለትን ቴሌቪዥን «ምን ነካው?» ሲል ልጁ አንገቱን ከደፋ፣ ፍርዱ ያኔውኑ ተሰጠ ማለት ነው።

ጌም ቤት ገብቶ የማያውቅ አንባቢ እንዲህ ያስብ፦ ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥኖች፣ አግዳሚ ወንበር፣ ከወንበሩ ጀርባ ተራ የሚጠብቁ፣ ከሚጫወቱት በላይ የሚጮሁ ልጆች። ተሸናፊ ይከፍላል። የሚጫወቱት በአብዛኛው ኳስ ነው፤ በፊት «ዊኒንግ ኢለቨን»፣ በኋላ «ፊፋ»። ኳሱና ተጫዋቾቹ ይሯሯጣሉ። በግራ በኩል ከላይ ያለው ውጤትና ሰዓት ግን ከቦታው አይነሣም፤ ከታች በመሐል ተጫዋቾቹን በነጥብ የምታሳየው ትንሽ ሜዳም እንዲሁ። ቡድኖቹ ቢለዋወጡ፣ ባርሴሎና በማንቸስተር ቢተካ፣ የሰሌዳው ቦታ ያው ነው። ይህ በቀን አሥር አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት ሰባት ቀን ሲሆን ስሌቱ የደፍ ድንጋይ ስሌት ነው። ልጆቹ በጠራራ ፀሐይ ገብተው በደንብ እንዲታያቸው ድምቀቱ እስከ ጫፍ ከፍ ይደረጋል፤ እሱ ደግሞ ያፋጥነዋል። ስለዚህ የድሮውን ባለ ቱቦ ቴሌቪዥን ይዞ ጌም ቤት ለከፈተ ወጣት ክልከላው እውነት ነበረ።

ቤቱ ለሚጫወተው ልጅስ? ከትምህርት በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት፣ ያውም መብራት ካለ። ቀሪውን ሰዓት ያው ስክሪን ድራማና ዜና ሲያሳይ ያመሻል። በዚህ ስሌት በቀለም ቴሌቪዥን ላይ ለዓይን የሚታይ ጠባሳ ማውጣት ብዙ ዓመት ይጠይቃል፤ ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ይገድለዋል። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚያስቀው፤ የሚያስቆጨውም። ክልከላው የጸናው ጉዳቱ በሌለበት በመኖሪያ ቤት ነው። የተከለከለው ልጅ የዳቦ መግዣ ሳንቲሟን ይዞ የሄደው ጉዳቱ ወዳለበት ጌም ቤት ነው። አባት ቴሌቪዥኑን አዳነ፤ ልጁ ከደጅ ዋለ፤ ጠባሳው የሰፈሩ ወጣት ንብረት ላይ አረፈ። ከሦስቱ ማንም አልተጠቀመም።

ቱቦው ሲያረጅ ክርክሩም ያረጀ መስሎ ነበር። ግን ፕላዝማ መጣ፤ እሱም በፎስፈር የሚሠራ በመሆኑ ያው ሕመም ነበረበት። ቀኑን ሙሉ የአንድ ስፖርት ጣቢያ ዓርማ ጥግ ላይ ተለጥፎ ለሚውልበት የዲኤስቲቪ ቤት አደጋው ትንሽ አልነበረም። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ፕላዝማ መሥራት ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ኦሌድ ወደ ቤት ገባ፤ እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ የምታበራበት፣ ስለዚህም እያንዳንዷ ለብቻዋ የምትደክምበት ስክሪን። የብራውን ቱቦ ሕመም በልጅ ልጁ ላይ ተነሣ።

በዚህ ጊዜ ግን አንድ የሚገላግል ሙከራ ተደረገ። አርቲንግስ የተባለው የካናዳ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 መግቢያ ስድስት ተመሳሳይ የኤልጂ ኦሌድ ቴሌቪዥኖችን ገዝቶ በቀን 20 ሰዓት ያህል ክፍት አደረጋቸው። ሁለቱ ሲኤንኤን ያሳያሉ፤ አንዱ እግር ኳስ፤ አንዱ ኤንቢሲ የተባለውን ጣቢያ፤ አንዱ «ፊፋ 18» ይጫወትበታል፤ አንዱ «ኮል ኦፍ ዱቲ» የተባለውን የተኩስ ጌም። ቀድመው በግልጽ የተጠበሱት ሲኤንኤን የሚያሳዩት ሆኑ። ከሥር የሚቀመጠው ደማቅ ቀይ ዓርማና የዜና መሥመር ታተመባቸው። ፊፋ ሲጫወትበት የከረመው ቆይቶ የቀለም አለመስተካከል ጀመረው። የተኩሱ ጌም ግን ያን ያህል ጊዜ ተጫውተውበት የሚያስታውቅ ጠባሳ አላወጣም። ጌም የተባለውን ሁሉ በአንድ ስም መክሰስ እዚህ ላይ ያበቃል። ልጁን ከልክሎ ራሱ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ የዜና ጣቢያ ከፍቶ የሚያንቀላፋው አባት፣ ከሁለቱ የበለጠ ጠባሽ እሱ ነው። ይህን የምጽፈው አባቶችን ለማሳጣት አይደለም፤ ቢሆንም ልጆች ይህን ገጽ ቆርጠው ቢያስቀምጡት አልቆጣም።

ዛሬ በላሊበላም በአዲስ አበባም በብዛት የሚሸጠው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ኦሌድ አይደለም፤ ኤልሲዲ ነው፤ ነጋዴው «ኤልኢዲ» ይለዋል፤ የኋላ መብራቱን ማለቱ ነው። ይህ ዓይነቱ ፎስፈር የተቀባ ፊት የለውም። ቋሚ ምስል ለጊዜው ጥላውን ሊጥልበት ይችላል፤ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ግን ብዙውን ጊዜ ይለቅቀዋል። በዚህ ቴሌቪዥን ላይ ልጅ ጌም ቢጫወት የሚፈራው ጠባሳ የቤት ሥራ አለመሥራቱ ብቻ ነው።

የሚገድለው ሌላ ነው፤ እሱም መብራቱ ነው። ሲሄድ ሳይሆን ሲመጣ። ጠፍቶ የቆየ መብራት ሲመለስ ኃይሉ ከመጠን አልፎ ሊመጣ ይችላል፤ ይህን ጊዜ የቴሌቪዥኑ ፓወር ሰፕላይ ወይም የኋላ መብራቱ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ «ተቃጠለ» የሚለው አማርኛ ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ከደረሰ በኋላ ከተማዋ ለብዙ ወራት ያለ መብራት ኖራለች። ያኔ ጌሙም ዜናውም ድራማውም እኩል ቆሙ፤ ስክሪን ሁሉ ጥቁር ሆነ። ከእንዲህ ያለ ጨለማ በኋላ መጀመሪያ መገዛት ያለበት ስታቢላይዘር ነው። እሱ ካልተገኘ መብራት ሲሄድ ከሶኬቱ ነቅሎ፣ ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ታግሦ መሰካት ነው።

ጌም ቤት ለሚከፍተው ወጣት ደግሞ ይህቺን ልጨምር። ያገለገለ ቴሌቪዥን ሲገዙ በሚያምር ዘፈን አያስፈትኑት፤ ዘፈን ጠባሳ ይሸፍናል። ባለ ቱቦ ከሆነ መጀመሪያ ሳይከፈት መስታወቱን ከጎን በብርሃን ይመልከቱት። ቀጥሎ ከስልክ ወይም ከፍላሽ ላይ አንድ ወጥ ግራጫ ወይም ነጭ ሥዕል ያስከፍቱበት፤ ድምቀቱንም መካከለኛ ያድርጉት። ከዚያ አራቱን ጥጎች አንድ በአንድ ይዩ፤ በተለይ በግራ በኩል ከላይ፣ ከታች ደግሞ የዜና መሥመር የሚያልፍበትን። የጣቢያ ዓርማ ወይም የኳስ ውጤት ደብዝዞ ከታየዎት ሻጩ «ሲሞቅ ይጠፋል» ማለቱ አይቀርም። አይጠፋም፤ ዋጋ ያስቀንሱበት።